አበበ አምስተኛ የወጣበት መንገድ

ሮምን የማያነሳ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ቶኪዮንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1960 በባዶ እግሩ ሮጦ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በምሽት የገባው አበበ ቢቂላ የሁላችንም ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ባወጣ በአምስት ሳምንት ገደማ ቶኪዮ ላይ ወርቁን የደገመው፣ ከዚያም ምንም እንዳልደከመው በስታዲየሙ ሣር ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ የታየው አበበም እንደዚሁ። በሁለቱ ድሎች መካከል ያለውን ሩጫ ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን? በ1963 አበበ ከማሞ ወልዴ ጋር ወደ ቦስተን ሄዶ ነበር። ሁለቱ አብረው ውድድሩን እየመሩ እስከ 29ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ የዘለቁት በክብረ ወሰን ፍጥነት ነበር። ከዚያ በኋላ ቀዝቃዛ ነፋስና የኒውተን ዳገቶች ተባብረው ያዟቸው። ቤልጂየማዊው ኦሬል ቫንደንድሪሽ በ2:18:58 አሸነፈ፤ አበበ አምስተኛ፣ ማሞ አሥራ ሁለተኛ ወጡ። አበበ ከጨረሳቸው ዓለም አቀፍ ማራቶኖች መካከል ያላሸነፈው ይህን አንዱን ብቻ ነው።

በልጅነቴ ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ስለ አበበ እየሰማን ያደግነው ድሉን ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ የመኪና አደጋውንና መጨረሻውን። በመካከል አንድ ቀን እንደማንኛውም ሯጭ ጭኑ እምቢ ብሎት፣ ሌሎች እያለፉት፣ ግን ሳያቋርጥ መጨረሱን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ካወቅሁ ጀምሮ ደግሞ ያንን መንገድ በእግሬ የማየት ፍላጎት አልለቀቀኝም። ጀግናን በድሉ ብቻ ማወቅ ግማሹን ማወቅ ይመስለኛል።

ለጤናና ለፍቅር የምንሮጥ ሰዎች ዓለምን የምናይበት የራሳችን ካርታ አለን። ፈጣን ሰዓት የሚሻ በርሊን ይሄዳል፤ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ኃይሌ ገብረሥላሴም በ2008 2:03:59 ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ያስመዘገበው እዚያ ነው። የጥንቱን ታሪክ የሚወድ ከማራቶን ከተማ ተነስቶ አቴንስ በሚገኘው የዕብነ በረድ ስታዲየም ውስጥ ይጨርሳል። ጉልበቱን ሊፈትን የሚፈልግ ደቡብ አፍሪካ ወርዶ በደርባንና በፒተርማሪትዝበርግ መካከል 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ቦስተንን ግን ሁሉም ይመኘዋል። በየዓመቱ ከሚካሄዱት የዓለም ማራቶኖች ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ እሱ ነው፤ ከ1897 ጀምሮ አለ። ደግሞም ገንዘብ ስለከፈሉ ብቻ አይገባበትም። በዕድሜና በጾታ የተለያየ ሚኒማ አለው፤ ያላሟላ ሰው ለበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ አሰባስቦ ይገባል። እኛ አገር ሚኒማ ሲባል የምንሰማው ስለ ታላላቅ አትሌቶች ሲወራ ነው። እዚህ የጥርስ ሐኪሙም፣ የፖስታ ቤት ሠራተኛዋም፣ ጡረተኛውም ሚኒማ ለማምጣት ዓመታት ይለፋሉ።

አክስቴ የምትኖረው ከቻርልስ ወንዝ ማዶ፣ ኬምብሪጅ ውስጥ ነው። ውድድሩ በሚያዝያ ስለሚውል ብዙ ጊዜ ከዐቢይ ጾም ወይም ከፋሲካ ጋር ይገናኛል፤ እኔ የሄድኩበት ዓመት ጾሙ ገና አልተፈታም ነበር። በዋዜማው ምሽት ወጥ ቤቷ ውስጥ ክርክር ገጠምን።

«ነገ ያን ሁሉ መንገድ ልትሮጪ ማታ በእንጀራ ትተኛለሽ? ይከብድሻል፣ ልጄ» አለች።

«ሽሮሽ ናፍቆኛል፣ አክስቴ።»

«ሽሮው የትም አይሄድም። መጀመሪያ ፓስታሽን ብዪ።»

ቦስተን ከተማ ውስጥ በዚያ ሰዓት አዘጋጆቹ ለሯጮች ፓስታ እያበሉ ነበር። አክስቴ ያቀረበችልኝም ፓስታ ነው፣ ግን የኛው ነው፦ የጾም ስጎ፣ ቲማቲሙ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት እስኪጠቁር የበሰለ፣ ከላዩ ቃሪያ ያለበት። ከጎኑ ለናፍቆቴ ያህል አንዲት ጭልፋ ሽሮና ግማሽ እንጀራ አሰናዳችልኝ። ጣሊያን ይዞት የመጣው ምግብ በጾም ቀን የአበሻ ቤት ማዕድ ላይ እንዲህ ተደላድሎ መቀመጡ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከእራት በኋላ የደረት ቁጥሬን ከማልያዬ ጋር በአራት መርፌ ቁልፍ ያያዘችልኝ እሷ ናት። አራተኛውን እንደቆለፈች በአውራ ጣቷ ቁጥሩ ላይ አማተበች።

ሩጫው የሚካሄድበት ሰኞ በማሳቹሴትስ በዓል ነው። በሚያዝያ 1775 የሌክሲንግተንና የኮንኮርድ ገበሬዎች የእንግሊዝን ጦር የገጠሙበትን ቀን ያከብሩበታል፤ የአርበኞች ቀን ይሉታል። እኛም በዚያው በሚያዝያ ወር፣ በ27፣ የአርበኞቻችንን ቀን እናከብራለን፤ አራት ኪሎ በድል ሐውልቱ ሥር የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ አባቶች ጎፈርና ሜዳይ አድርገው ይሰለፋሉ። ሁለቱን በዓላት ሳነጻጽር ልቤ ወደ ሌላ ነገር ሄደ። የመጀመሪያው የቦስተን ማራቶን የተካሄደው ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ ነው። የቦስተን ሰዎች አርበኞቻቸውን በእግር ማሰብ ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እኛም ዘንድ በቅርብ ዓመታት ከአዲስ አበባ እስከ ዓድዋ በእግር የሚጓዙ ወጣቶች ተነስተዋል። እግሩ ቆስሎ፣ ፊቱ በፀሐይ ከስሎ ዓድዋ የሚደርስ ወጣት ታሪኩን ከመጽሐፍ ካነበበው ሰው የተለየ ነገር እንደሚያውቅ አልጠራጠርም። እኔም ቦስተን የሄድኩት በዚሁ እምነት ነው።

ጎህ ሲቀድ ከከተማው መናፈሻ በቢጫ የተማሪ አውቶቡሶች ጫኑን። መነሻው ሆፕኪንተን የምትባል ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰው ሁሉ በመኪና 42 ኪሎ ሜትር ርቆ ሄዶ በእግሩ ይመለሳል። አውቶቡሱ ውስጥ የነበረው አለባበስ ደስ ይላል፦ የተቀደደ ሹራብ፣ የአያት ካፖርት፣ የሌሊት ልብስ። ብርዱን ለመከላከል ሁሉም ሰልባጅ ለብሶ ይመጣና መነሻው ላይ አውልቆ ይጥለዋል፤ የተጣለው ተሰብስቦ ለችግረኛ ይሰጣል። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከኢትዮጵያ ስላቸው እንደ ብዙዎቹ «ታሸንፊያለሽ ማለት ነው» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «ፋጡማ ሮባ» አሉ። በዘጠናዎቹ መጨረሻ ኒውተን ዳገት ላይ ቆመው አይተዋታል። ሌሎቹ ሲያልፉ የጫማቸው ድምፅ ይሰማ እንደነበር፣ እሷ ስታልፍ ግን ምንም እንዳልተሰማ፣ ትከሻዋ እንዳልተነቃነቀ በእጃቸው እያሳዩ ነገሩኝ። ፋጡማ ከአትላንታ ወርቋ በኋላ ቦስተንን በ1997፣ በ1998 እና በ1999 በተከታታይ አሸንፋለች፤ እዚህ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴትም እሷ ናት። እኔ የማስታውሰው ሜዳሊያዎቿን ነው። እሳቸው የያዙት አረማመዷን ነበር።

«እርስዎስ ስንት ሰዓት ይገባሉ?» አልኳቸው።

«ልጆቼ ኒውተን ላይ ስለሚጠብቁኝ እዚያ ትንሽ አወራለሁ። ከዚያ በኋላ የደረስኩበት ሰዓት ይሆናል» አሉኝ።

ሆፕኪንተን በዛፍና በድንጋይ አጥር የተከበበች፣ ነጭ ቤተ ክርስቲያን ያላት፣ ጸጥ ያለች አገር ናት። በሚያዝያ ዛፎቹ ገና ቅጠል አላወጡም፤ ያበቡት ቢጫ ቁጥቋጦዎቹ ብቻ ናቸው። መንገዱ ከመነሻው ወዲያው ቁልቁል ይወርዳል። ከመነሻ እስከ መድረሻ በጠቅላላው 140 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ በዚህም ምክንያት፣ ደግሞም ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ቀጥ ብሎ የሚሄድ በመሆኑ፣ እዚህ የሚገባ ሰዓት ለዓለም ክብረ ወሰን አይመዘገብም። ኬንያዊው ጆፍሪ ሙታይ በ2011 2:03:02 ሲገባ ከዚያ በፊት ማንም ማራቶንን በዚያ ፍጥነት አልሮጠም ነበር፤ ክብረ ወሰን ግን አልሆነለትም።

ቁልቁለቱ ደስ ያሰኛል፣ ሰውነት ገና ትኩስ ነው፣ የሰው ጎርፍ ይገፋል። ነገር ግን በእያንዳንዱ እርምጃ የፊት ጭን ፍሬን እየያዘ ነው። ያኔ ሕመሙ አይሰማም። የተበደረውን የሚከፍለው ከ25 ኪሎ ሜትር በኋላ ነው። አበበና ማሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሠለጠኑ፣ ሳንባቸው የማይደክም ሰዎች ነበሩ፤ ይህን ቁልቁለት በክብረ ወሰን ፍጥነት ሲወርዱት የሚያቆማቸው ነገር አልነበረም። እንጦጦ ላይ የሚሠለጥን ሯጭ ዳገት መውጣትን ያውቃል። ለሰዓት ያህል በአስፋልት ላይ እየፈጠኑ መውረድ ግን ሌላ ትምህርት ነው፤ እነሱ ደግሞ ፈተናውም ትምህርቱም በአንድ ቀን ነው የገጠማቸው።

ከመነሻው አንድ ማይል ገደማ ላይ ከመንገዱ ዳር የሁለት ግሪካውያን ሐውልት አለ። አንዱ በ1896 የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈው ስፒሪዶን ሉዊስ ነው፤ ሌላው በ1946 ቦስተንን ያሸነፈው ስቲሊያኖስ ኪሪያኪዲስ። ሉዊስ ለኪሪያኪዲስ መንገዱን ያሳየዋል። ኪሪያኪዲስ የመጣው ጦርነትና ረሃብ ካደቀቃት ግሪክ ነበር፤ እሱ ራሱም ከስቶ ነበር። በድሉ ያገኘውን ስም ይዞ ለሕዝቡ እርዳታ ለመነ፤ ምግብ፣ መድኃኒትና ልብስ ተሰብስቦ ወደ አገሩ ተላከ። ይህን ሐውልት በሩጫው ቀን ቆሜ አላየሁትም፤ ቀደም ብዬ ከአክስቴ ጋር መጥቼ ነበር። አክስቴ ረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። የተራበ አገር ልጅ ሆኖ በሰው አገር መሮጥ ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሽላንድን በፍጥነት አለፍኳት፤ እስከ 1923 ድረስ መነሻው እዚያ ነበር። ፍሬሚንግሃም ላይ የባቡር ሐዲድ መንገዱን ያቋርጣል። በ1907 የዕቃ ባቡር መጥቶ የኋላውን ሯጭ ሁሉ አግዶታል፤ ቀድመው ያለፉት ብቻ ተርፈው የካናዳ ተወላጁ ቶም ሎንግቦት አሸንፏል። የዚያን ቀን እዚያ ባቡር ሲጠብቁ የቆሙትን ሰዎች ስም የሚያስታውስ ይኖር ይሆን እያልኩ ሐዲዱን ተሻገርኩ።

ናቲክ ላይ ስደርስ ስለ ሯጮች ማሰብ አቁሜ ስለ ቆሙት ሰዎች ማሰብ ጀመርኩ። በዚህ መንገድ ዳር ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንደሚወጣ ይገመታል። ሰው ከቤቱ ወንበር አውጥቶ በደጁ ይቀመጣል። አያቶች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ያጨበጭባሉ። አንዲት ስድስት ዓመት የሚሆናት ልጅ በትሪ ላይ የተቆረጠ ብርቱካን ይዛ እጇን በሙሉ ዘርግታ ቆማለች፤ ከኋላዋ እናቷ ቢላዋና የብርቱካን ከረጢት ይዛ ትቆርጣለች። ውኃ የሚያድሉት በጎ ፈቃደኞች ደግሞ የራሳቸው ጥበብ አላቸው። ኩባያውን ግማሽ ብቻ ይሞሉታል፤ ከሥሩ በጣት ጫፍ ይይዙትና ሯጩ ሲነጥቃቸው እጃቸውን ከእሱ ጋር ወደፊት ይወስዱታል፣ እንዳይደፋ። ሯጩም አፉን ጨምቆ እንደ ማንቆርቆሪያ ጠባብ ያደርገውና ሳይቆም ይጠጣል። አንድ ፂማም ጎልማሳ ለእያንዳንዱ ሰው ኩባያ ሲሰጥ ከደረቱ ላይ ስሙን እያነበበ ይጠራ ነበር። የእኔን ስም ማንበብ አቃተው፤ ሆኖም ሞከረ፣ ደግሞም ሞከረ፣ እኔ ካለፍኩ በኋላ ከኋላዬ በትክክል ሲጠራው ሰማሁ።

አዲስ አበባ ላይ ሮጬ ስመለስ የሰፈሬ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለው፦ «ስንተኛ ወጣሽ?» የግቢያችን ጥበቃም፣ የሱቁ ልጅም፣ እናቴም። ክፋት የለበትም። አበበን፣ ማሞን፣ ምሩጽን፣ ደራርቱን፣ ኃይሌን፣ ጥሩነሽን ያየ ሕዝብ ሩጫን በደረጃ ቢያውቀው ምን ይደንቃል? ከ2001 ጀምሮ ግን ታላቁ ሩጫ ሌላ ነገር አስተምሮናል። በዚያ ቀን መስቀል አደባባይ የሚወጣው ሕዝብ እየዘፈነ፣ እየጨፈረ፣ ቆሞ ፎቶ እየተነሳ 10 ኪሎ ሜትሩን ይጨርሳል፤ ስንተኛ ነህ የሚለው የለም። ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል፦ አዲስ አበባ ላይ ከተማው ራሱ ይሮጣል፣ የሚመለከተው ትንሽ ነው። ቦስተን ላይ ሠላሳ ሺህ ሰው ይሮጣል፣ የቀረው ሊያስተናግድ ይወጣል። ሰው ከቤቱ ደጅ የሚያልፈውን መንገደኛ ውኃ አጠጥቶ የሚሸኝበትን ልማድ እኛ እናውቀዋለን፤ የገጠር ዘመዶቼ ቤት አሁንም አለ። ከአስፋልት ዳር፣ ከባንክና ከመኪና መሸጫ ፊት ለፊት አገኘዋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

ዌልስሊ ከመድረሴ ከኪሎ ሜትር በፊት ጩኸት ሰማሁ። በ1870 የተመሠረተው የሴቶች ኮሌጅ ተማሪዎች አጥሩን ተደግፈው በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ፤ ሳሙኝ የሚል ጽሑፍ የያዙም ብዙ ናቸው። እኔ ባደግሁበት ወግ የማይታሰብ ነው። ነገር ግን ጩኸቱ ወደ አጥንት ይገባል፣ እርምጃዬ ሳላዝዘው ፈጠነ። በ1966 ቦቢ ጊብ የምትባል ወጣት ለመመዝገብ ስትጠይቅ ሴት ልጅ ማራቶን የመሮጥ አቅም የላትም ተብላ ተከለከለች። የወንድሟን ልብስ ለብሳ ሆፕኪንተን ላይ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃ ቆየች፤ ውድድሩ ሲጀመር ከወንዶቹ መሐል ገብታ ጨረሰች። ወሬው ቀድሟት ደርሶ የዌልስሊ ተማሪዎች እየጮኹ፣ አንዳንዶቹም እያለቀሱ ተቀበሏት። ሴቶች በይፋ እንዲሮጡ የተፈቀደው ገና በ1972 ነው። ቦቢ ጊብ በሮጠች በሃምሳኛው ዓመት፣ በ2016፣ ያሸነፈችው አፀደ ባይሳ ናት። አፀደ ያገኘችውን ዋንጫ ወስዳ ለቦቢ ጊብ ሰጠቻት። ዜናውን ያኔ ሰምቼው በጎ ነገር ነው ብዬ አልፌው ነበር። እዚያ አጥር ሥር እየሮጥኩ ሳስበው ግን ከዋንጫው ይልቅ የሰጪዋ ማስተዋል ታየኝ። መንገዱ እንዴት እንደተከፈተላት ታውቃለች፤ ያወቀችውንም አደረገችው።

26ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ኒውተን ይጀምራል። መጀመሪያ ከአውራ ጎዳናው በላይ የሚያልፍ ድልድይ፣ ከዚያ የእሳት አደጋ ጣቢያው ጋ ወደ ቀኝ መታጠፊያ፣ ከዚያ ተከታታይ ዳገቶች። የመጨረሻው ልብ ሰባሪ ይባላል። ርዝመቱ 600 ሜትር ያህል፣ ከፍታው 27 ሜትር ገደማ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ለሚወጣ ሰው ይህ ዳገት አይባልም። ግን 32 ኪሎ ሜትር ሮጦ፣ ያውም ግማሹን ቁልቁል ወርዶ ለሚደርስበት ሌላ ነው። ጭኔ እንጨት ሆነ። ነፋሱ ከአትላንቲክ በኩል ፊት ለፊት መጣ፤ ላቤ ደረቴ ላይ ቀዘቀዘ። ሆፕኪንተን ላይ ሰልባጁን የጣለ ሁሉ እዚህ ይናፍቀዋል።

አበበና ማሞ የተያዙት በዚህ አካባቢ ነው። ምልክት የለም፣ ድንጋይ አልቆመም። እኔ ግን ቦታው የት ሊሆን እንደሚችል ከራሴ ጭን ለማወቅ ስሞክር ነበር። ሮም ላይም ቶኪዮ ላይም መጨረሻው ሲቃረብ ያለፈው ሰው አልነበረም። እዚህ ግን የሰው ዳና ከኋላው ሰማ፣ ከዚያ ከጎኑ ሰማ፣ ከዚያ ጀርባ አየ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሰው አለፈው። የዓለም ክብረ ወሰን የነበረው፣ የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው፣ የክብር ዘበኛ ወታደር ነው። ማቋረጥ ይችል ነበር፤ ታላላቅ ሯጮች ቀኑ የእነሱ እንዳልሆነ ሲያውቁ ያቋርጣሉ፣ ማንም አይፈርድባቸውም። እሱ ቀጠለ። ስለ አበበ ካነበብኩት ሁሉ ይህ ነው በጣም የሚያስደንቀኝ፤ ከባዶ እግሩም ይበልጥ።

ከዳገቱ በፊት የጆኒ ኬሊ ሐውልት አለ። ኬሊ ቦስተንን በ1935 እና በ1945 አሸንፏል፤ ሰባት ጊዜ ሁለተኛ ወጥቷል፤ 61 ጊዜ ተነስቷል፣ የመጨረሻው በ84 ዓመቱ ነው። ሐውልቱ ሁለት ኬሊዎችን ያሳያል፣ ወጣቱ አሸናፊና ሽማግሌው እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሮጡ። የዳገቱ ስምም ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። በ1936 እዚህ ላይ መሪውን ታርዛን ብራውንን ደረሰበትና ትከሻውን ቸብ አድርጎት ሊያልፍ ሞከረ። የናራጋንሴት ተወላጁ ብራውን ተቆጥቶ ፈተለከና አሸነፈ። ኬሊ አምስተኛ ወጣ። አበበ በወጣበት ቁጥር። የኒውተን ሰዎች ለዚህ ሰው ሐውልት ያቆሙት ስላሸነፈ ብቻ ቢሆን አንድ ምስል ይበቃ ነበር። ሽማግሌውንም ያቆሙት በሰዓታት ዘግይቶ የገባበትንም ዘመን ስለወደዱለት ነው።

ከዳገቱ ማዶ መንገዱ በብሩክላይን በኩል ወደ ከተማው ይወርዳል። የሰው ብዛት ይበረታል፣ የትራም ሐዲዱ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ጭንም ልመናን አይሰማም። የመጨረሻው ጎዳና ቦይልስተን ነው። በሰማያዊና በቢጫ የተቀባው መስመር ከሩቅ ይታያል፤ እስኪደርሱበት ግን ይረዝማል። በ2013 ሁለት ፈንጂዎች የፈነዱት በዚህ ጎዳና ዳር ነው፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ፣ መቶዎች ቆሰሉ፣ ብዙዎችም እግራቸውን አጡ። ከሰዓታት በፊት በዚያው መስመር ላይ አንደኛ የገባው ሌሊሳ ዴሲሳ ነበር። የድሉን ደስታ የሚያይለት ሰው አልነበረም። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ተመልሶ መጥቶ ሜዳሊያውን ለቦስተን ከተማ ሕዝብ ሰጠ። በ2015 እንደገና መጥቶ እንደገና አሸነፈ። አክስቴ እንደምትለው በዚያ ሰሞን አበሻ መሆኗን ያወቁ ጎረቤቶቿ በር እያንኳኩ ያመሰግኗት ነበር።

አበበ ግን የጨረሰው ቦይልስተን ላይ አይደለም። ያኔ መድረሻው ከዚያ የሚገነጠለው ኤግዘተር ጎዳና ነበር። ሜዳሊያዬን አንገቴ ላይ አድርጌ፣ ያለበሱኝን የብር ቀለም ፕላስቲክ ተጠቅልዬ፣ ደረጃ መውረድ እንደማይችል ሰው በአንድ እግር እየመራሁ ወደዚያ ሄድኩ። ጠባብ ጎዳና ነው፤ በአንድ በኩል ቤተ መጻሕፍት፣ ፊት ለፊት አሮጌ ሆቴል። የጭነት መኪና ዕቃ ያራግፋል። 2:24:43 ላይ እዚህ ገባ። በሮም ከሮጠው ዘጠኝ ደቂቃ ይዘገያል።

ወደ ኬምብሪጅ በሚወስደው ባቡር ውስጥ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ወጣት አገኘሁ። ክንዶቹ የብረት ሠራተኛ ክንዶች ይመስላሉ፤ አንገቱ ላይ የእኔ ዓይነት ሜዳሊያ አለ። የተሽከርካሪ ወንበር ተወዳዳሪዎች ከሁላችን ቀድመው ይነሳሉ። ቦስተን በ1975 ቦብ ሆልን በይፋ ሲቀበል፣ ከሦስት ሰዓት በታች ከገባህ የጨራሽነት ምስክር ወረቀት እንሰጥሃለን ብለውት ነበር፤ 2:58 ገባ። አበበ ያኔ ካረፈ ዓመት ተኩል ገደማ ሆኖት ነበር። በ1969 የመኪና አደጋ እግሮቹን ከነሣው በኋላ እንግሊዝ ሄዶ በቀስት ውርወራ፣ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በሸርተቴ ውድድር ተወዳድሯል። ለወጣቱ ስለ እሱ ነገርኩት። ሮምን ያውቃል፤ ኖርዌይን አልሰማም። ስልኩን አውጥቶ ስሙን እንድጽፍለት ጠየቀኝ።

ማታ አክስቴ ወደ አበሻ ምግብ ቤት ወሰደችኝ። ግማሹ ጠረጴዛ ከነሜዳሊያው በመጣ የፈረንጅ ሯጭ ተይዟል፤ በየዓይነቱን በሁለት እጃቸው እያነሱ ይበላሉ። በሌላው ጠረጴዛ የእኛ ሰዎች ውድድሩን ከመነሻ እስከ መድረሻ ይተቻሉ፦ ማን ቀድሞ ወጣ፣ ማን ዘገየ፣ ማንስ ዳገቱ ላይ ተቆረጠ። አክስቴ ለምን እንደመጣሁ ስትነግራቸው ጨዋታው ወደ 1963 ዞረ።

«ቁልቁለቱ ነው የጎዳው» አሉ ሽበታም አዛውንት። «ሜዳውን አያውቅም፤ አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረው ኖሮ ይቆጥብ ነበር።»

«አባባ፣ ነፋሱንስ ምን ያደርጉታል?» አለች አንዲት ነርስ፤ የሥራ ልብሷን አልቀየረችም። «እኔ ዛሬ ሕክምና ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ። የሚንቀጠቀጠውን ሰው ብዛት ቢያዩ!»

«ይች ልጅ ሮጣበታለች፤ እሷ ትፍረድ።»

የተሰማኝን ነገርኳቸው። ጭኔን የጨረሰው ቁልቁለቱ እንደሆነ፣ ነፋሱ ግን የደረሰው ጭኔ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ሁለቱን መለየት እንደማይቻል። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አልተቀበሉኝም። ሹካውን በአየር ላይ ይዞ ሲያዳምጥ የቆየ አንድ ታክሲ ነጂ ያኔ ገባበት።

«ሁላችሁም አበበ፣ አበበ። ማሞስ? አሥራ ሁለተኛ ወጥቶ አገሩ ገባ፣ አምስት ዓመት ቆየ፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሜክሲኮ ላይ ወርቁን አመጣ። ከቦስተን ትምህርት የወሰደውስ እሱ እንደሆነ ምን ታውቃላችሁ?»

ነርሷ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች፤ አዛውንቱ «ቆይ፣ ቆይ፣ ሜክሲኮ እኮ ከፍታ ነው!» ብለው ጀመሩ፤ አክስቴም ሁለተኛ በየዓይነቱ አዘዘች።